381654729ን በ9 ቆርኪ ማግኘት፦ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ውስጥ ልጆች ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለየኝም። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ፣ ወላጅ ያገኘኛል። «መምህር፣ ልጄ ዘጠኝ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ 381654729 የሚባል ቁጥር አሳየኝ። ጉድ ነው! ግን ከየት አመጣው? ገምቶ ነው?» ለሁሉም መንገድ ላይ ቆሜ ማስረዳት ስላልቻልኩ ይኸው ጻፍኩት። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት፤ በዓይን ብቻ ከተነበበ አይገባም።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች በሙሉ አሉበት፤ አንድም አልተደገመም፣ አንድም አልቀረም። አሁን ከግራ እየጀመራችሁ አንድ አሃዝ፣ ሁለት አሃዝ፣ ሦስት አሃዝ እያላችሁ ውሰዱ። በወሰዳችሁት አሃዝ ብዛት አካፍሉ።

3 ÷ 1 = 3
38 ÷ 2 = 19
381 ÷ 3 = 127
3816 ÷ 4 = 954
38165 ÷ 5 = 7633
381654 ÷ 6 = 63609
3816547 ÷ 7 = 545221
38165472 ÷ 8 = 4770684
381654729 ÷ 9 = 42406081

አንዱም ላይ ቀሪ የለም። ዘጠኙን አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ይህን የሚያደርግ ሌላ ቁጥር የለም። ይህንንም በእኔ ቃል እንዳትቀበሉ፤ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ታረጋግጡታላችሁ።

ገምቶ ነው ወይ ለሚለው መልሱ አይደለም ነው። ዘጠኝ አሃዞች በ362,880 ዓይነት መንገድ ይደረደራሉ። በደቂቃ አንድ ብትሞክሩ፣ ቀንና ሌሊት ሳትተኙ፣ 252 ቀን ይፈጃል። በእንቁጣጣሽ ዕለት የጀመረ ሰው ጥምቀትን ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ ያሳልፍና ግንቦት 12 ይጨርሳል። በዚህ መመሪያ ግን የምታካፍሉት አሥር ጊዜ ብቻ ነው። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት በሻማ ያልቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 9 የለስላሳ ቆርኪ። ሱቅ በር ላይ አይጠፋም። እጠቡት፤ ጠርዙ የተጣመመውን ተዉት፣ የልጅ ጣት ይቆርጣል።
- ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ። ፕላስተሩን ቆርኪው ላይ ለጥፋችሁ ከ1 እስከ 9 ጻፉ።
- አንድ ወረቀት። ዘጠኝ ሳጥን በአንድ መስመር ሥሩበት፤ ከእያንዳንዱ ሳጥን በላይ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያላችሁ እስከ 9ኛ ጻፉ።
- ለማካፈያ ሌላ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ።

ማስጠንቀቂያ፦ 6 እና 9 ቆርኪዎች ላይ ከሥራቸው መስመር አስምሩ። ክብ ቆርኪ ሲዞር 6 ወደ 9 ይለወጣል። አንድ ጊዜ ይህን ዘንግቼ ልጆቹ ሙሉ ከሰዓት መልስ የሌለው ነገር ሲፈልጉ ዋሉ። ሁለት 9 ይዘው ነበር።

ሌላም አለ። ልጅ ለማሠራት ከሆነ መልሱን አስቀድማችሁ አትንገሩት። መልሱን ያወቀ ልጅ ቆርኪውን ወደ መልሱ ይገፋል እንጂ ምክንያቱን አይፈልግም።

አሠራሩ

1. 5ን 5ኛ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች ለ5 መካፈል አለባቸው። ለ5 የሚካፈል ቁጥር በ0 ወይም በ5 ያልቃል። 0 ቆርኪ የለንም። ስለዚህ ምርጫ የለም።

_ _ _ _ 5 _ _ _ _

ለምን ከዚህ እንደምንጀምር አስተውሉ። የምንጀምረው አንድ መልስ ብቻ ካለው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ከ1ኛው ሳጥን ይጀምራል፤ እዚያ ግን ገና ምንም የሚያስገድደን ነገር የለም፤ ተራ ግምት ይሆናል።

2. ቆርኪዎቹን ለሁለት ክፈሉ።

2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እና 8ኛ ሳጥኖች ላይ የሚያልቁት ቁጥሮች ለ2፣ ለ4፣ ለ6 እና ለ8 መካፈል አለባቸው። ይህ የሚሆነው መጨረሻቸው ተጋማሽ ሲሆን ነው። አራት ተጋማሽ ቆርኪ አለን፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8። አራት ሳጥን አለ። በትክክል ሞሉት። የቀሩት 1፣ 3፣ 7 እና 9 ደግሞ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 7ኛ እና 9ኛ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።

የትኛው የት እንደሚገባ ገና አናውቅም። ግን 362,880 የነበረው አደራደር 576 ሆኗል። አንድ ቁጥር እንኳ ሳናካፍል።

3. 4ኛውን ሳጥን ወደ ሁለት ምርጫ አውርዱ።

አንድ ቁጥር ለ4 መካፈሉን ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ማየት ይበቃል። ምክንያቱም 100 ለ4 ይካፈላል፤ ከመቶ በላይ ያለው ሁሉ አያሳስበንም። እዚህ ላይ ሁለቱ አሃዞች 3ኛውና 4ኛው ሳጥን ናቸው። 3ኛው 1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ነው። በእነዚህ ጀምረው ለ4 የሚካፈሉትን ጻፏቸው፦ 12፣ 16፣ 32፣ 36፣ 72፣ 76፣ 92፣ 96። ሁሉም በ2 ወይም በ6 ያልቃሉ። ስለዚህ 4ኛው ሳጥን 2 ወይም 6 ነው።

4. 8ኛውንም እንዲሁ።

ለ8 ሲሆን የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ናቸው፤ ለ8 የሚካፈለው 1000 እንጂ 100 አይደለም። ሦስቱ አሃዞች 6ኛ፣ 7ኛ እና 8ኛ ሳጥን ናቸው። ግን 6ኛው ተጋማሽ መሆኑን አስቀድመን አውቀናል። 200፣ 400፣ 600፣ 800 ሁሉም ለ8 ይካፈላሉ። ስለዚህ 6ኛውን ትተን 7ኛውንና 8ኛውን ብቻ ማየት እንችላለን። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ሥራ ትቀንሳለች።

በ1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ጀምረው ለ8 የሚካፈሉት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮች አራት ብቻ ናቸው፦ 16፣ 32፣ 72፣ 96። ይህን ዝርዝር ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት፤ እንመለስበታለን።

8ኛውም እንግዲህ 2 ወይም 6 ሆነ። 4ኛውና 8ኛው 2ንና 6ን ከተካፈሏቸው ለ2ኛውና ለ6ኛው የሚቀሩት 4 እና 8 ናቸው። ዝርዝሩን ለ7ኛው ሳጥን ገና ሳንጠቀምበት የቀረው አደራደር 96 ነው።

5. መካከለኛዎቹን ሦስት ሳጥኖች ለዩ።

አንድ ቁጥር ለ3 የሚካፈለው የአሃዞቹ ድምር ለ3 ሲካፈል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ለ3 ይካፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ለ6 ስለሚካፈሉ ለ3ም ይካፈላሉ። ለ3 ከሚካፈል ክምር ላይ ለ3 የሚካፈል ብታነሱ የሚቀረውም ለ3 ይካፈላል። ስለዚህ 4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ ሳጥን ብቻቸውን ተደምረው ለ3 መካፈል አለባቸው።

5ኛው 5 ነው። 4ኛው 2 ከሆነ፦ 2 + 5 + 8 = 15 ይሆናል፤ 2 + 5 + 4 = 11 አይሆንም። 4ኛው 6 ከሆነ፦ 6 + 5 + 4 = 15 ይሆናል፤ 6 + 5 + 8 = 19 አይሆንም።

መሃሉ ወይ 258 ነው፣ ወይ 654 ነው። ሌላ የለም። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወረቀቱንም ለሁለት ክፈሉት።

6. በ258 በኩል ሂዱ።

4ኛው 2 ከሆነ 8ኛው 6 ነው። 6ኛው 8 ከሆነ 2ኛው 4 ነው።

_ 4 _ 2 5 8 _ 6 _

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተደምረው ለ3 መካፈል አለባቸው፤ መሃላቸው 4 ነው። ከ1፣ 3፣ 7 እና 9 ሁለት ሁለት እያነሳችሁ ሞክሩ። 1 + 4 + 7 = 12 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 1 እና 7 በ4 ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ለ7ኛው ሳጥን 3 ወይም 9 ቀረ። ጥግ ላይ የጻፋችሁትን ዝርዝር እዩ፦ 36 የለም፣ 96 አለ። 7ኛው 9፣ 9ኛው 3 ሆነ።

ሁለት ቁጥር ወጣ፦ 147258963 እና 741258963።

7. በ654 በኩል ሂዱ።

አሁን 8ኛው 2፣ 2ኛው 8 ይሆናል።

_ 8 _ 6 5 4 _ 2 _

ከዝርዝሩ በ2 የሚያልቁት 32 እና 72 ናቸው። 7ኛው ወይ 3 ነው ወይ 7። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምር ለ3 እንዲካፈል ከ8 ግራና ቀኝ አንዱ ከ1 እና 7፣ ሌላው ከ3 እና 9 መሆን አለበት። 1 + 8 + 3 = 12፣ 1 + 8 + 9 = 18፣ 7 + 8 + 9 = 24። 7 + 8 + 3 = 18ም ለ3 ይካፈላል፤ ግን 3ም 7ም እዚህ ካለቁ ለ7ኛው ሳጥን የሚሆን አይቀርም። ግን 1 + 8 + 7 = 16 ነው፤ አይሆንም። 3 + 8 + 9 = 20ም አይሆንም።

7ኛው 3 ሲሆን፦ 189654327፣ 981654327፣ 789654321፣ 987654321።
7ኛው 7 ሲሆን፦ 183654729፣ 381654729፣ 189654723፣ 981654723።

ስምንት እዚህ፣ ሁለት እዚያ፤ በድምሩ አሥር። ከአሥር በላይ ወይም በታች ካገኛችሁ ወደ ደረጃ 8 አትለፉ። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው።

8. አሥሩን ለ7 አካፍሉ።

7ን እስካሁን ያቆየነው ሆን ብለን ነው። እንደ 3 ወይም እንደ 4 በዓይን የሚታይ ቀላል ሕግ የለውም። ሰባቱን አሃዝ በሙሉ ይጠይቃል። ስለዚህ ሌሎቹ ሕጎች መጀመሪያ ያበጥሩልን፣ 7 የመጨረሻውን ይለይ።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት አሃዞች ብቻ ውሰዱ። ቀሪው እንዲህ መውጣት አለበት፦

1472589 — ቀሪ 6
7412589 — ቀሪ 2
1896543 — ቀሪ 5
9816543 — ቀሪ 2
7896543 — ቀሪ 4
9876543 — ቀሪ 5
1836547 — ቀሪ 6
3816547 — ቀሪ 0
1896547 — ቀሪ 2
9816547 — ቀሪ 6

አንድ ብቻ። 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ሳጥን 729 ሆነ፤ ሙሉው 381654729።

ልጆች እዚህ ላይ በጣም የሚያዝኑት ለ987654321 ነው። እኔም አዝንለታለሁ። ከ9 ወደ 1 በቅደም ተከተል የሚወርድ ቁጥር ሆኖ ስምንቱን ፈተና ያልፋል፤ 7 ላይ ብቻ ይወድቃል። በነገራችን ላይ 98765432ን ለ8 አካፍሉት። 12345679 ይወጣል።

9. ማካፈላችሁን በሌላ መንገድ አረጋግጡ።

1001 = 7 × 143 ነው። ስለዚህ ሰባቱን አሃዞች ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ክፈሉ፦ 3 | 816 | 547። የዳርና የዳሩን ደምሩ፦ 3 + 547 = 550። ከዚያ ከመካከለኛው ጋር ያለውን ልዩነት ውሰዱ፦ 816 − 550 = 266። 266 = 7 × 38። ልዩነቱ ለ7 ከተካፈለ ትልቁም ቁጥር ይካፈላል።

ሌላውን ሞክሩ፦ 9 | 816 | 543። 9 + 543 = 552፤ 816 − 552 = 264። 264 ለ7 አይካፈልም፤ ስለዚህ ወደቀ። ይህ መንገድ ይካፈላል ወይስ አይካፈልም የሚለውን ይነግራችኋል እንጂ ትክክለኛውን ቀሪ ሁልጊዜ በቀጥታ አይሰጥም። ቀሪውን ከፈለጋችሁ በረጅሙ አካፍሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሙሉውን ቁጥር ማካፈል። «381654729 ለ2 አይካፈልም እኮ!» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ አይካፈልም። ለ2 የሚካፈለው 38 ነው። ለ4 የሚካፈለው 3816 ነው። መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ አካፍሉ። ቀሪዎቹን ሳጥኖች በእጅ ወይም በወረቀት መሸፈን ይህን ስህተት ያጠፋዋል።

በ9 መደሰት። ልጁ አንድ ቁጥር ደርድሮ ለ9 አካፍሎ ያለቀሪ ሲወጣለት «አገኘሁ!» ይላል። ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ነው፤ 45 ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ ቆርኪዎቹን እንደፈለጋችሁ ብትደረድሯቸውም ለ9 ይካፈላሉ። የ9 ፈተና ማንንም አይጥልም፤ እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሩት።

የ4ን ሕግ ለ8 መጠቀም። ለ8 የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች አይበቁም። 116ን እዩ፤ 16 ለ8 ይካፈላል፣ 116 ግን አይካፈልም። እኛ ሁለት አሃዝ ብቻ ያየነው 6ኛው ሳጥን ተጋማሽ ስለሆነ ነው። ይህን ምክንያት ለልጁ ሳይነግሩ ማለፍ ነገ ፈተና ላይ ያስጥለዋል።

ካልኩሌተር ላይ መተማመን። ርካሹ ካልኩሌተር የሚያሳየው 8 አሃዝ ብቻ ነው። የእኛ ቁጥር 9 አሃዝ ስለሆነ የመጨረሻውን አይቀበልም፤ ልጁም ሳያየው ባጎደለው ቁጥር ይቀጥላል። የስልኩ ካልኩሌተር ይሻላል። ግን ለ7 ስታካፍሉ ነጥብ ከመጣ ቀሪ አለ ማለት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ ቀሪው አይደለም።

ሲሠራ ሌላ ምን ይጨመራል?

አሥረኛ ቆርኪ አምጡና 0 ጻፉበት። መጨረሻ ላይ አስቀምጡት፦ 3816547290። ለ10 ይካፈላል። አሁን ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች በሙሉ ገቡ።

አሃዝ መድገም ይቻላል ከተባለ ነገሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ግን ማለቂያ አለው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአሃዞቹ ብዛት የሚካፈልበት ረጅሙ ቁጥር 25 አሃዝ ያለው 3608528850368400786036725 ነው። ከኋላው ምንም አሃዝ ብትጨምሩ 26 አሃዝ ያለው ቁጥር ለ26 አይካፈልም።

ለትንንሽ ልጆች ግን ዘጠኝ ቆርኪ ይበዛባቸዋል። በ3 ቆርኪ ጀምሩ፤ 123 እና 321 ሁለቱም ይሆናሉ። ቀጥሎ 6 ቆርኪ ስጧቸው። በዚያው መንገድ ይሄዳል፦ 5 በ5ኛው፣ ተጋማሾቹ በ2ኛ፣ 4ኛ እና 6ኛ። 123654 እና 321654 መውጣት አለባቸው፤ ሦስተኛ የለም። 4 ወይም 5 ቆርኪ ግን አትስጡ። 4ኛው ሳጥን 2 ሲሆን 2ኛው 4 ይሆናል፤ 1 + 4 + 3 ደግሞ 8 ነው፣ ለ3 አይካፈልም። መልስ የለውም፤ ልጁ በከንቱ ይለፋል።